ዘንድሮስ ግሸን ወጥተዋል?

መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም የሚተመውን ሕዝብ ለማየት የሄደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በአምባው የመስቀል ቅርጽና በነጠላው ብዛት ላይ ነው። ሐኪም ቢሆን ሌላም ያያል። ጉልበታቸውን በሁለት መዳፋቸው እየገፉ ዳገቱን የሚወጡ እናቶች አሉ። በየጥቂት እርምጃው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን የሚሰበስቡ አባቶች አሉ። ዓይናቸው ደክሞ በልጅ ልጅ ትከሻ ላይ እጃቸውን ጥለው ድንጋዩን በእግራቸው የሚዳብሱም አሉ። ልብ፣ ሳንባ፣ ጉልበት፣ ዓይን፣ ሚዛን፣ የቤተሰብ ድጋፍ፣ ሁሉም በዚያ መንገድ ላይ አንድ ላይ ይፈተናሉ።

አምና የወጡ፣ ዘንድሮ ግን «አልቻልሁም» ብለው እቤት የቀሩ እናት አሉ እንበል። ጎረቤቱ «እርጅና ነው» ይላል፤ ልጆቻቸውም ይቀበሉታል። ጤና ጣቢያ ቢወሰዱ ደግሞ ወረፋ የበዛበት ባለሙያ «እማማ፣ ዕድሜዎ ነው እኮ» ብሎ ማስታገሻ ጽፎ ይሸኛቸዋል። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም እንደ ማጽናኛ የሚነገር ነው። ግን ምርመራው እዚያ ላይ ይዘጋል። የአረጋውያን ሕክምና የሚባለው ሙያ የቆመው ይህችን ፍርድ ላለመቀበል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እርጅና ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሰውን በአንድ ዓመት ውስጥ ከዳገት አውርዶ መደብ ላይ የሚያስቀምጠው ብዙውን ጊዜ በሽታ ነው፣ ወይም መድኃኒት ነው፣ ወይም ውድቀት ነው፣ ወይም የሦስቱ ድምር ነው።

እኒህን እናት የአረጋውያን ሐኪም ቢያገኛቸው «ምንዎን ያምዎታል?» ብሎ አይጀምርም። «ከማለዳ እስከ ማታ ምን ምን ይሠራሉ? አምና ይሠሩት የነበረ፣ ዘንድሮ የተውት ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ቀስ እያለ ይመጣል። ለጉልበታቸው ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዳይክሎፌናክ አለ፤ ጨጓራቸውን አድምቶ ደማቸውን አሳንሶታል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያሳጥራቸውም ይኸው ነው። ለደም ግፊት የተሰጣቸውን ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ማታ ማታ ይውጡታል፤ ሌሊት ሦስቴ አራቴ ይነሣሉ፣ ደጁ ጨለማ ነው። በክረምቱ ጭቃ አንዴ ወድቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከግቢ መውጣት ፈርተዋል፣ ያልተራመደ እግር ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይሰልላል። ሽንቱን ለመቀነስ ብለው ውኃ መጠጣት ትተዋል። በቀኝ ዓይናቸው ሞራ ወጥቷል። ከነዚህ አንዱም ብቻውን የሚገድል አይደለም፤ ተደራርበው ግን «እርጅና» የሚል ስም አግኝተዋል። መፍትሔው ትልቅ መሣሪያ አይፈልግም። ዳይክሎፌናኩን አቁሞ ፓራሲታሞል መስጠት፣ የደሙን ማነስ ማከም፣ ኪኒኑን ወደ ጠዋት ማዞር፣ ዓይኑን ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ልኮ ሞራውን ማስወጣት፣ ከመደብ ያለ እጅ ድጋፍ ተነሥቶ መቀመጥን በቀን ጥቂት ጊዜ ማለማመድ ነው። ለከርሞ ግሸን ይወጡ ይሆን? አይታወቅም። ቢያንስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሰው ይመለሳሉ።

ሙያው የተወለደውም ከዚሁ ፍርድ ጋር በተደረገ ሙግት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣለት ቪየና ተወልዶ በኒውዮርክ የሠራው ኢግናትዝ ናሸር ነው። ተማሪ ሳለ በአንድ የድኾች ማደሪያ ዓይኖቹ አንዲት የታመመች አሮጊት ላይ ቢያርፉ፣ አስተማሪው «እርጅና ነው፤ የሚደረግላት ነገር የለም» ብሎት እንዳለፈና ነገሩ ከውስጡ እንዳልወጣ ይተረካል። ነገሩን በሆስፒታል ያሳየችው ግን እንግሊዛዊቷ ሐኪም ማርጆሪ ዋረን ናት። እ.ኤ.አ. በ1935 የለንደኑ ዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል አጠገቡ የነበረውን የድኾች ማደሪያ ሲረከብ፣ «አይድኑም» ተብለው የተኙ 714 ሰዎች እጇ ላይ ወደቁ። አንድ በአንድ መረመረቻቸው፣ በሕመማቸው ለየቻቸው፣ ከአልጋ አስነሥታ አስኬደቻቸው፤ ብዙዎቹም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ስትጽፍም የተከራከረችው አልጋው ራሱ ሕመም እንደሚሆን ነው።

ከዚያ ወዲህ ማስረጃው ተከማችቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኮክሬን ማኅበር ከ9 አገሮች 29 ጥናቶችን፣ በድምሩ 13,766 ሰዎችን አጣምሮ መረመረ። ሆስፒታል የገቡ አረጋውያን ሐኪም፣ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስትና ማኅበራዊ ሠራተኛ ባሉበት ቡድን ሙሉ ግምገማ ከተደረገላቸው፣ ከወራት በኋላ በሕይወት ኖረው በገዛ ቤታቸው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ይላል። የሞት ቁጥር ብቻውን ሲታይ ግን ልዩነቱ እምብዛም ነው። ይህን ማድበስበስ አይገባም። የአረጋውያን ሐኪም ዕድሜ እጨምራለሁ ብሎ ቃል አይገባም፤ የሚጨነቀው ሰውየው ቀሪውን ዘመን የት ሆኖ፣ ምን እየሠራ ያሳልፈዋል በሚለው ነው። አገሮቹ በአብዛኛው ሀብታም መሆናቸውም መታወቅ አለበት፤ ግሸን ያለበት የአምባሰል ዳገት በጥናቶቹ ውስጥ የለም።

ስለ ዳገቱ ካነሣን ደግሞ ግሸን በታሪክ ሌላ ገጽ አለው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ወንድ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተጠብቀው የሚኖሩበት አምባ ነበር። አፄ ናዖድ እ.ኤ.አ. በ1494 ከዚያው ወርደው ነግሠዋል፤ ያልተጠሩት ግን እዚያው ሸምግለው እዚያው አልፈዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቃቸው ገደሉ ነበር። ዛሬ በወሎ ተረተር ላይ የሚኖሩ አዛውንቶችም ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቤቱ ከላይ ነው፤ ጤና ጣቢያው፣ መንገዱ፣ ገበያው ከታች ናቸው። ጉልበት የከዳው ሰው ከመንደሩ የሚወጣው በቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛውን የሚሸከመው ደግሞ ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር። የወሎ ቅሬ ቀባሪ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ የማድረስ ባህል አለው። ችግሩ ሰው የሚሸከመው ነገሩ ሲከፋ መሆኑ ነው። ለዓይን ሞራ ወይም ለሚያዳፋ እግር ቅሬ ጥሩልኝ የሚል አዛውንት የለም፤ ያፍራል።

ነገሩ ሲከፋ የሚደረሰው ሐይቅ ከተማ ነው፣ ከዚያም ደሴ። ሆስፒታል ራሱ ግን ለአረጋዊ አደገኛ ቦታ ነው። በሳንባ ምች የገቡ አባት በሁለተኛው ሌሊት ሰው መለየት ያቆማሉ፣ ካቴተሩን ይጎትታሉ፣ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ስም ይጠራሉ። ቤተሰቡ «ተለከፉ» ወይም «አበዱ» ብሎ ይደነግጣል፤ አንዳንዱ ወደ ጸበል ለመውሰድ ያስወጣቸዋል። ሐኪሞች ዲሊሪየም ይሉታል። ትኩሳት፣ የውኃ ጥም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መድኃኒት፣ የቦታ ለውጥ የሚያመጣው የአእምሮ መታወክ ነው፤ ምክንያቱ ሲታከም በአብዛኛው ይመለሳል፤ ችላ ከተባለ ግን ዕድሜ ያሳጥራል። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሻሮን ኢኖዬ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያካሄደችውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት 852 አረጋውያንን አካትቷል። በተለመደው አያያዝ ከታከሙት 15 በመቶ በዲሊሪየም ተይዘዋል፤ በአዲሱ አያያዝ ከታከሙት ግን 9.9 በመቶ ብቻ። አዲሱ አያያዝ ምን ነበር? ውኃ ማጠጣት፣ መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን ማድረግ፣ ቀኑንና ቦታውን እየነገሩ ማጫወት፣ በቀን ጥቂት ጊዜ አስነሥቶ ማስኬድ፣ ሌሊት ሳይቀሰቅሱ ማስተኛት። ይህን በመሥራት የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ይሳተፉ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካኖቹ በጎ ፈቃደኛ መልምለው፣ አሠልጥነው ያገኙትን ሰው እኛ ዘንድ ማንም ሳይመለምለው እናገኘዋለን። በኢትዮጵያ ሆስፒታል ያለ አስታማሚ የሚተኛ አረጋዊ ጥቂት ነው። ልጅ፣ ምራት፣ የእህት ልጅ፣ አንዷ አልጋው ሥር ጋቢ ዘርግታ ታድራለች። አጥሚት ታጠጣለች፣ ታዞራለች፣ ታጫውታለች። እኛ ግን ይህችን ሰው እንደ መጨናነቅ ነው የምናያት። የሐኪሞች ራውንድ ሲደርስ «አስታማሚ ውጡ!» ይባላል፤ ስለ በሽተኛው ከሁሉ የበለጠ የምታውቀው ሰው ከክፍሉ ከወጣች በኋላ ስለ እርሱ ይወራል። የአረጋውያን ሐኪም መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን መገልበጥ ነው። አስታማሚዋን አስቀርቶ «ከትናንት ወዲህ አነጋገራቸው ተለውጧል?» ብሎ ይጠይቃታል፤ ዘወትር ጠዋት ከአልጋ እንድታስነሣቸው፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ እንድታገላብጣቸው ያስተምራታል። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሥልጠና ነው። አንድ ሳንቲም የማይወጣበት የሕክምና ማሻሻያ ይህን ያህል ሳይነካ መቅረቱ ያስገርመኛል።

የመድኃኒትና የጾም ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ ለስኳራቸው ግን ጠዋት ግሊቤንክላሚድ የሚውጡ እናት ቀትር ላይ ራሳቸውን ስተው ሊወድቁ ይችላሉ። መድኃኒቱ በሌላው ዓለም ለአረጋውያን አይመከርም ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ስኳሩን አውርዶ ለረጅም ሰዓት ይይዘዋል። «እማማ፣ ይጾማሉ?» ብሎ የማይጠይቅ ሐኪም ይህን አያውቅም፤ ቢጠይቅም «አይጹሙ» ማለቱ አይበቃም፤ ጾሙን የሚፈታው የንስሐ አባት ነውና። በሕመም ምክንያት ጾም ማስፈታት ለካህኑ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ በወሎ ገጠር የአረጋውያን ሕክምና ቡድን ሲባል ከሐኪምና ከነርስ ቀጥሎ ቄሱና ሼኹ መቆጠር አለባቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ወደ ማስተማሩ እንሂድ። የሕፃናት ክፍል የሌለው የማስተማሪያ ሆስፒታል የለም፤ የአረጋውያን ክፍል ያለው ግን ብርቅ ነው። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች በውስጥ ደዌ ክፍል ከሚያዩአቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ሸበቶ ናቸው፤ የሚማሩት ግን የልብ ድካሙን፣ የስትሮኩን፣ የኩላሊቱን ነው እንጂ ሁሉን በአንድ አካል የተሸከመውን ሽማግሌ አይደለም። ከውጭ የመጣው መመዘኛም ሳይስተካከል አይሠራም። የአእምሮን ብቃት የሚለኩት የታወቁት ፈተናዎች ቀኑን በቁጥር ይጠይቃሉ፣ ቅርጽ አይቶ መሣልን ያዛሉ። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ የአምባሰል ባልቴት ይህን ፈተና ቢወድቁ ስለ አእምሯቸው የሚነግረን ምንም የለም። «ዛሬ ማን ነው?» ቢባሉ ግን ሚካኤል ይሁን ገብርኤል፣ ኪዳነ ምሕረት ትሁን ማርያም ሳያቅማሙ ይናገራሉ፤ የተሳሳቱ ቀን ነው የሚያሳስበው። የሐይቅ አካባቢ ሙስሊም አባት የትኛው ሶላት እንደ ተሰገደና የትኛው እንደሚቀር ይጠየቃሉ። ከወንበር አምስት ጊዜ ያለ እጅ መነሣትና መቀመጥ፣ ከ14 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የእግር ድካም ምልክት እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ለማኅበረሰብ ባለሙያዎች ባዘጋጀው መመሪያ ሰፍሯል። ጥሩ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ግን ወንበር ሳይሆን ዝቅ ያለ መደብና በርጩማ ነው፤ ሰከንዱ እንደገና መቆጠር አለበት። ሐኪሙ ጆሮውን ካቀና ደግሞ ሰከንድ ሳይቆጥርም ይገባዋል። ቆመው ይሰግዱ የነበሩ አባት ተቀምጠው መስገድ የጀመሩት መቼ ነው? ቅዳሴ ቆመው ያስቀድሱ የነበሩ እናት ግድግዳ መደገፍ የጀመሩትስ? ይህን በአማርኛ መመዘኛ አድርጎ፣ በጥናት ፈትሾ ማውጣት ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል የሚገባ ሥራ ነው።

አዲስ ሙያ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው ቅርብ ምሳሌ አለ። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር። ከዚያ በፊት የአገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩና በውጭ አገር የተማሩ ነበሩ። የድንገተኛ ሕክምና ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ተከተለ። ሁለቱም «ለእኛ ቅንጦት ነው» የሚል ክርክር ሳይገጥማቸው አልቀረም። ለአረጋውያን ሕክምና ግን በየሆስፒታሉ ስፔሻሊስት መቀመጥ አለበት አልልም። ጥቂቶች ሠልጥነው የሚያስተምሩ ቢሆኑ፣ ትምህርቱ ወደ ውስጥ ደዌ ሬዚደንቱ፣ ወደ ነርሷ፣ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቢወርድ ይሻላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን 16 ፓኬጆች ነበሩት። እናት፣ ሕፃን፣ ወጣት፣ መጸዳጃ፣ ወባ በውስጡ ነበሩ፤ አያት ግን ለብቻዋ ፓኬጅ አልነበራትም።

የገንዘቡ ነገር ወደ ሐይቅ ይመልሰናል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ በአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ ዋና ከተማው ሐይቅ የሆነው ተሁለደሬ ነበር። ለአዛውንት ትልቅ ነገር ነው፤ ጥሪት የሌለው ሰው ካርዱን ይዞ መታከም ቻለ። ከሽፋኑ ውጪ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር፣ ከማስዋቢያ ጋር ተቆጥሮ። ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ቆሎ አይቆረጥምም፣ ሥጋ አያኝክም፣ ሽሮና አጥሚት ላይ ይቀራል፣ ይከሳል፤ ሲከሳ ይወድቃል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ አጠገባቸው የአረጋውያን ሐኪም አልነበረም።

እስከዚያው ሽማግሌውን የያዘው ቤተሰብ ነው፣ ቤተሰብ ከሌለ ቤተ ክርስቲያን። በሽምግልና መመንኮስ፣ ባል ከሞተ በኋላ ቆብ ደፍቶ በደብር አጥር ሥር መኖር የቆየ ሥርዓት ነው፤ ግሸንም ሌሎች ገዳማትም እንዲህ ያሉ እናቶችና አባቶች መጠጊያ ናቸው። በከተማ ደግሞ መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት ከጎዳና ያነሧቸው አሉ። የመቄዶንያ መሥራች አቶ ቢኒያም በለጠ የሠሩት ሥራ የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን የአረጋውያን ጉዳይ በአገራችን ሲነሣ ወዲያው የሚታሰበን የወደቀ ሰው፣ ልመናና እርዳታ ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። አብዛኛው አዛውንት ጎዳና ላይ አይደለም። ቤቱ ነው፤ ልጆች አሉት፤ የሚጦረው አለ፤ የሚያክመው ነው የሌለው።

«አገሪቱ የወጣት አገር ናት፤ ከመቶ አምስት ለሚሆን ሰው ምን ያስቸኩላል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከመቶ አምስት ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላይ ሲሰላ ከአምስት ሚሊዮን ሰው በላይ ነው፤ ከብዙ አገሮች ጠቅላላ ሕዝብ ይበልጣል። እኔን ይበልጥ የሚያስቸኩለኝ ግን በምርምሩ በኩል የሚታየው ነው፤ እዚያ ላይ ወሎ ከሌላው ቦታ የሚለይ ታሪክ አለው።

በወሎ ዕድሜ የሚቆጠረው በክፉ ቀን ነው። የልደት ምዝገባ በሕግ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የልደት ወረቀት ያለው አዛውንት ብርቅ ነው፤ ተመራማሪው «በ66ቱ ጊዜ አግብተው ነበር? በ77ቱስ ስንት ልጅ ነበርዎት?» እያለ ዓመቱን ያወጣል። ዛሬ ሰባውን ያለፉት የ1966ንም የ1977ንም ረሃብ በሙሉ ዕውቀት ያለፉ ናቸው። ረሃብ ግን የሚቀረው በትዝታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በኔዘርላንድ በተከሰተው የረሃብ ክረምት በማኅፀን የነበሩ ሕፃናት አምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ አንሶ ተገኘ። በእኛ ዘንድም በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥተዋል። የ1977ቱ ረሃብ በማኅፀን ወይም በጨቅላነት የደረሰባቸውን ጎልማሶች ከረሃቡ በኋላ ከተወለዱት ጋር አነጻጽረው፣ የተራቡት በአእምሮ ብቃት መመዘኛ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳላቸው አሳትመዋል።

ይህ ውጤት የዛሬ አዛውንቶችን የሚመለከት አይደለም፤ ተጠኚዎቹ ገና ጎልማሶች ናቸው፣ የሚያርሱ፣ የሚነግዱ፣ ልጅ የሚያሳድጉ። እርጅናን በታካሚው ሽበት ብቻ የሚያውቅ ሕክምና አያገኛቸውም፤ ደም ግፊታቸውና ስኳራቸው መለካት ያለበት ከአሁን ጀምሮ ነው። የ77ቱ ሕፃናት 60 ዓመት የሚሞላቸው በ2037 ዓ.ም. ነው። ዘንድሮ ደሴ ላይ አንደኛ ዓመት ሕክምና የገባ ተማሪ እስከዚያ ተመርቆ፣ በውስጥ ደዌ ስፔሻላይዝ አድርጎ፣ የአረጋውያን ሕክምና የሚማርበት ቦታ ከተከፈተለትም ያን ጨርሶ፣ ሌሎችን ለማስተማር ዓመታት ይቀሩታል።